የክረምቱን ወጪ ማን ይሸፍናል? የናኖቴክኖሎጂ ምርምር ዕድልና የወሎ ተማሪዎች

ከደላንታ ወረዳ፣ ከወገልጤና ዙሪያ ገደሎች የሚወጣው ኦፓል እ.ኤ.አ. በ2008 ከተገኘ ወዲህ በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ገበያ ስሙ ታውቋል። ድንጋዩን ብርሃን ላይ ሲያገላብጡት አረንጓዴው ወደ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማው ወደ ቀይ ይለዋወጣል። ውሃ ውስጥ ሲነከር ውሃውን መጥጦ ብርሃን አሳላፊ ይሆናል፤ ሲደርቅ ደግሞ የቀድሞ መልኩን መልሶ ይይዛል። ይህ የቀለም ጨዋታ ከማቅለሚያ ንጥረ ነገር የመጣ አይደለም። በድንጋዩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ የሲሊካ ቅንጣቶች በሥርዓት ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ጋር ስለሚቀራረብ ብርሃኑን በየቀለሙ እየለያዩ ወደየአቅጣጫው ይመልሱታል። ውሃው የሚሰርገውም በእነዚሁ ቅንጣቶች መካከል ባለው እጅግ ጠባብ ክፍተት ነው። ስለዚህ ናኖቴክኖሎጂ ለወሎ ሰው ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ አይደለም፤ ወጣቶች ሕይወታቸውን ለአደጋ እያጋለጡ ከገደል ፈልፍለው የሚያወጡት ነገር ራሱ ተፈጥሮ የሠራችው የናኖ ቁስ ነው። የሚያሳዝነው ድንጋዩ ለምን እንደሚያበራ በመሣሪያ ለክቶ የማየት ዕድል የሚያገኘው የአካባቢው ተማሪ እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው።

ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ሲሆን የሰው ጠጉር ውፍረት በግርድፉ ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ይደርሳል። ናኖቴክኖሎጂ በአብዛኛው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር በሚደርስ መጠን ቁስን የመሥራት፣ የመለካትና ለአገልግሎት የማዋል ሙያ ነው። ቁስ በዚህ መጠን ጠባዩን ይለውጣል። በፈሳሽ ውስጥ የተበተኑ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች ቀይ ሆነው ይታያሉ፤ የአንድ ግራም ዱቄት ቅንጣቶች ባነሱ ቁጥር ከአካባቢው ጋር የሚገናኙበት ገጽ እየሰፋ ስለሚሄድ መርዛማ ንጥረ ነገርን የመያዝ ወይም ኬሚካዊ ለውጥን የማፋጠን ዐቅማቸው ይጨምራል። መስኩ ትልቅ እመርታ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1981 ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪክ ሮሬር በዙሪክ የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ውስጥ የቁስን ገጽ በአተም ደረጃ ለማየት የሚያስችለውን ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ ከሠሩ በኋላ ሲሆን፣ ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ1986 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በ2023 ደግሞ የኬሚስትሪው ኖቤል ኳንተም ዶት ለሚባሉት የናኖ ቅንጣቶች ግኝትና ዝግጅት ተሰጥቷል። በኮቪድ ዘመን በስፋት የተሰጡት የኤምአርኤንኤ ክትባቶችም የተሸከሟቸው ከቅባት የተሠሩ የናኖ ቅንጣቶች ነበሩ።

ይህን ሙያ ተማሪ በክፍል ትምህርት ብቻ አይለምደውም። ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቀመር የሚማረው ተማሪ ቅንጣቱን ሠርቶ፣ ተበላሽቶበት፣ ደግሞ ሠርቶ፣ ለክቶ፣ የለካውን ሲጠራጠር ነው ተመራማሪ መሆን የሚጀምረው። በዚህ ምክንያት በርካታ አገሮች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን በክረምት ወራት ወደ ምርምር ቤተ ሙከራ የሚያስገቡ ፕሮግራሞች አሏቸው። ከእነዚህ በሰፊው የሚታወቀው የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የምርምር ልምምድ ፕሮግራም ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ሲፈቀድለት በአብዛኛው ዐሥር ያህል ተማሪዎችን ከሌሎች ተቋማት ተቀብሎ፣ እያንዳንዳቸውን ከአንድ አማካሪ ጋር አገናኝቶ፣ ለዐሥር ሳምንታት ገደማ የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው እንዲሠሩ ያደርጋል። በናኖቴክኖሎጂ በኩል ደግሞ በ2015 በ16 ማዕከላት የተቋቋመው ብሔራዊ የናኖቴክኖሎጂ መሠረተ ልማት መረብ ይህንኑ ሲሠራ ቆይቷል። ኮርኔል፣ ስታንፎርድና ጆርጂያ ቴክን የመሳሰሉት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች በመረቡ ቢኖሩም፣ ሉዊቪልንና ሞንታና ስቴትን የመሰሉ ከትልልቆቹ የምርምር ከተሞች የራቁ ተቋማትም ተካተውበታል። ተማሪዎቹ በክረምቱ መጨረሻ በአንድ ጉባኤ ተሰብስበው ሥራቸውን ያቀርቡ ነበር፤ ከመካከላቸው የተመረጡት በቀጣዩ ዓመት ወደ ጃፓን የቁሳቁስ ሳይንስ ተቋም ተልከው የሚሠሩበት አሠራርም ነበር።

ስለ እነዚህ ፕሮግራሞች በአገራችን ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው መሣሪያው ነው፤ ከአቧራ የጠራው ንጹሕ ክፍሉ፣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ፣ ነጭ ቱታው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ልናጤነው የሚገባን የአበሉ ጉዳይ ይመስለኛል። ተማሪው ለክረምቱ ሥራው ክፍያ ያገኛል፤ መኝታና መጓጓዣም በአብዛኛው ይሸፈንለታል። ይህ የተደረገው ለተማሪ ከማዘን አይደለም። ክረምቱን ምግብ ቤት ውስጥ ወይም ሱቅ ውስጥ ሠርቶ ለቀጣዩ ዓመት ክፍያ ማጠራቀም ያለበት ተማሪ፣ ያለ ክፍያ ቤተ ሙከራ ግባ ቢባል አይገባም፤ የሚገባው ቤተሰቡ የሚደጉመው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ጥቁር አሜሪካውያንን፣ የላቲን አሜሪካ ተወላጆችን፣ የቀደምት ሕዝቦችን ልጆች፣ ሴቶችን፣ አካል ጉዳተኞችን፣ ከቤተሰባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የገቡትንና የምርምር ቤተ ሙከራ ከሌላቸው ትንንሽ ኮሌጆች የሚመጡትን ለመድረስ ሲያቅድ፣ የገንዘቡን አሠራርም አብሮ ቀርጿል። ብዝኃነት የሚባለው ነገር በመግለጫ ላይ ሲጻፍ ቀላል ነው፤ የሚፈተነው በጀት ውስጥ ሲገባ ነው።

አሜሪካም ብትሆን ይህ አሠራር ጸንቶ የቆመባት አገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2025 የፌዴራሉ መንግሥት ብዝኃነትንና አካታችነትን የሚመለከቱ በርካታ የምርምር ድጋፎችን ሰርዟል፤ የበጀት ጥርጣሬው በፈጠረው ጫናም በዚያው ዓመት ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ የክረምት ፕሮግራሞች ተማሪ ሳይቀበሉ ቀርተዋል። አንድ ፕሮግራም በአንድ መንግሥታዊ ቋት ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ምን ሊገጥመው እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ለወሎ ተማሪ ደግሞ በሩ ከዚያ በፊትም ዝግ ነበር። ከፋውንዴሽኑ ገንዘብ አበል የሚከፈለው ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ወር በቴሌግራም ቻናሎች የሚዘዋወሩት «ሙሉ ወጪ የሚሸፍን የክረምት ዕድል» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይህን ሁኔታ ሳይጠቅሱ ስለሚለጠፉ፣ ብዙ ተማሪዎች ማመልከቻውን እስከ መጨረሻው ገጽ ሞልተው የዜግነት ጥያቄው ላይ ሲደርሱ ነው የሚያውቁት። ሌላው የማይነሣው ነገር የቀን መቁጠሪያ ነው። የአሜሪካው የክረምት ፕሮግራም በአብዛኛው በእኛ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ ላይ ይጀምራል፤ ያ ወቅት ለኛ ተማሪ የማጠቃለያ ፈተና ወቅት ነው።

ለሁሉም አገር ተማሪ ክፍት የሆኑ ዕድሎች የሉም ማለት ግን አይደለም። በጃፓን የኦኪናዋ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከሁለት እስከ ስድስት ወር ለሚቆይ የምርምር ልምምድ ከየትኛውም አገር ተማሪ ይቀበላል፤ የአውሮፕላን ቲኬት፣ መኖሪያና የቀን አበል ይሸፍናል። በሳዑዲ ዓረቢያ በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚገኘው የንጉሥ አብደላ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚዘልቅ፣ የወር አበልና መኖሪያ ያለው ተመሳሳይ ፕሮግራም አለው። ሁለቱም በቁሳቁስ ሳይንስና በናኖ መስክ ጠንካራ ቤተ ሙከራዎች አሏቸው። የቆይታ ጊዜያቸው ከክረምት በላይ መሆኑ ችግር ቢመስልም፣ ለምህንድስና ተማሪ መውጫ አለው፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ለኢንተርንሺፕ የተመደበ ጊዜ ስላለው የትምህርት ክፍሉ የውጭውን የምርምር ልምምድ በኢንተርንሺፕ ምትክ ለመቀበል አስቀድሞ ከወሰነ ተማሪው ሴሚስተር አቋርጦ መሄድ አይኖርበትም። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ለመወሰን ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ የትምህርት ክፍል ስብሰባና አንድ ቃለ ጉባኤ ነው። ለኬሚስትሪና ለፊዚክስ ተማሪዎች ግን ነገሩ ይከብዳል።

በእነዚህ ውድድሮች ተማሪዎቻችንን በብዛት የሚያስቀራቸው ውጤታቸው ማነሱ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ማመልከቻው የሚጠይቀው «ምን ጥያቄ መመርመር ትፈልጋለህ፣ ለምን?» ብሎ ነው፤ የኛ ተማሪ ደግሞ ስለ ታታሪነቱና ስለ ልጅነት ሕልሙ ይጽፋል። የድጋፍ ደብዳቤው ከዚህ የባሰ ነው። በአንድ ክፍል በርካታ ተማሪዎችን የሚያስተምር መምህር ተማሪውን በስሙ እንኳ ለይቶ ላያውቀው ስለሚችል፣ ተማሪው ደብዳቤውን ራሱ አርቅቆ ለፊርማ ሲያቀርብ ማየት የተለመደ ነገር ሆኗል። የመራጭ ኮሚቴ አባል እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ከመጀመሪያው አንቀጽ ይለየዋል። ይህን ሊያስተካክል የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተማሪው ቀደም ብሎ፣ እዚሁ አገሩ ላይ፣ አንድ መምህር አጠገብ ለተወሰኑ ሳምንታት ምርምር ሠርቶ ከሆነ መምህሩ የሚጽፈው ነገር ይኖረዋል፣ ተማሪውም የሚጠይቀው ጥያቄ ይኖረዋል። የአገር ውስጡ የክረምት ምርምር ለውጭው ዕድል መንገድ ጠራጊ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወሎ ውስጥ ይህን ለማድረግ ምን አለ? የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ ዋና ግቢውና በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ፣ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ በሰሜኑ፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በምዕራቡ በኩል አሉ። ሦስቱም በ2013 ዓ.ም. በተደረገው የዩኒቨርሲቲዎች የተልዕኮ ልየታ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተሰየሙት ስምንቱ መካከል አይደሉም። በ2014 ዓ.ም. የጥቅምት መጨረሻና የኅዳር ወራት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎችና ኮምፒውተሮች ክፉኛ ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም፤ ወልድያም ከዚሁ ዕጣ አላመለጠም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ተማሪም ሆነ ናሙና ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስበትን መንገድ አጥብቦታል። እነዚህን ሁኔታዎች ሳይጠቅሱ ስለ ናኖቴክኖሎጂ ማውራት አንባቢን ማታለል ይሆናል።

ከዚህ ሌላ፣ ክረምት በግቢያችን ውስጥ ባዶ ጊዜ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ስለሆነ፣ ነባር ተማሪዎች መኝታቸውን ለቀው ወደየቤታቸው ይሸኛሉ። ተፈታኞቹ ሲወጡ የክረምት መርሐ ግብር የሚከታተሉ መምህራን ይገባሉ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ልምምድ እሠራለሁ ብሎ ቢቀር የሚያድርበት አልጋ፣ የሚመገብበት ካፌ የለውም። ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚቆየው የከተማ ልጅ ወይም ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ልጅ ነው።

የገጠሩን ተማሪ ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ከዋድላ ወይም ከለጋምቦ የመጣ ተማሪ በሐምሌ ወደ ቤቱ የሚሄደው ለዕረፍት አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ የማረሻና የአረም ወቅት ነው፤ አባቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጉልበት የጎደለው ሰው ነውና ልጁ ሲመጣ ያንን ጉልበት ይቆጥርበታል። ሴት ተማሪ ከሆነች ደግሞ ከእርሻው በተጨማሪ የእናቷ የቤት ሥራ ይጠብቃታል፤ «ትምህርት ተዘግቷል እያሉ ምን ልትሠሪ ነው ከተማ የምትቀሪው?» የሚለው ጥያቄም አይቀርላትም። ለዚህ ጥያቄ ምላሽ የሚሆነው ምክር አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ማኅተም ያለበት የተቀባይነት ደብዳቤ ከሰጣት፣ መኝታዋ በግቢው ውስጥ ከሆነ፣ በየወሩም ከፊሉን ወደ ቤት ልትልከው የምትችል አበል ካላት፣ ቤተሰቡ ነገሩን እንደ ሥራ ይቀበለዋል። አሜሪካውያኑ በአበሉ የፈቱት ችግር ከዚህ ጋር በዓይነቱ አንድ ነው፤ በመልኩ ብቻ ይለያል። ያለ አበል የሚከፈት የክረምት ምርምር፣ የቱንም ያህል «ለሁሉም ክፍት ነው» ቢባል፣ የደሴ ከተማ ልጆችን ብቻ የሚጠቅም ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ናኖቴክኖሎጂ ሲባል ሚሊዮኖች የሚያወጣ መሣሪያ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉምና። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚመጥን፣ በመጠነኛ ቤተ ሙከራ የሚሠራ አንድ ሙከራ ላሳይ። ተማሪዋ የግራዋ ቅጠል አጥባና አድርቃ ትፈጫለች፤ በተጣራ ውሃ አፍልታ ታጣራዋለች። ከዚያም በአንድ ሊትር ውሃ 0.17 ግራም ገደማ ሲልቨር ናይትሬት (የብር ጨው) የሟሟበትን ፈሳሽ አዘጋጅታ፣ ከቅጠሉ ጭማቂ ጥቂት ጠብታ ትጨምርበታለች። ውህዱ ሞቅ ባለ ሁኔታ ሲቆይ ጥርት ያለው ፈሳሽ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎም ቡና ዓይነት ይሆናል፤ በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች የብሩን አዮን (ኤሌክትሪክ የተሸከመ የብር አተም) ወደ ደቃቅ የብር ቅንጣት ለውጠውታል ማለት ነው። ፈሳሹን ስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ የትኛውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ የሚለካ መሣሪያ) ውስጥ ብታስገባው በ420 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን የሚዋጥበት ከፍታ ይታያል። ጓንት ካላደረገች ሲልቨር ናይትሬቱ የነካው ጣቷ በማግስቱ ጠቁሮ ይገኛል፤ ቀለሙም ለቀናት አይለቅም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በአገራችን ከቅጠል የናኖ ቅንጣት መሥራት እንደ ፋሽን እየታየ ነው፤ አንዱ በግራዋ ሲሠራ ሌላው በዳማከሴ፣ ሌላው በጤና አዳም እየደገመ፣ የቅጠሉ ስም ብቻ የተለወጠ ጽሑፍ ይታተማል። ፈሳሹ ስለጠቆረ ብቻ ግኝት ተገኘ ማለት አይቻልም። ሙከራው ትምህርት የሚሆነው ተማሪዋ ያለ ቅጠሉ ጭማቂ የተዘጋጀ ማወዳደሪያ ጎን ለጎን ካስቀመጠች፣ ሙቀቱንና የአሲድነት መጠኑን እየለዋወጠች ከፍታው ወዴት እንደሚሸሽ ከተከታተለች፣ ቅንጣቶቹ ከሳምንት በኋላ ተጣብቀው መዝቀጥ አለመዝቀጣቸውን ካየች ነው። ሦስት ጊዜ ደግማ የተለያየ ውጤት ካገኘች ደግሞ ምክንያቱን መፈለግ ይጠበቅባታል። አማካሪ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው፤ ጭማቂ መጨመሩንማ ማንም ያደርገዋል።

የቅንጣቱን መጠን በእርግጠኝነት ለማወቅ ስፔክትሮፎቶሜትር አይበቃም። የኤክስሬይ ዲፍራክሽን መሣሪያ (ኤክስሬይ ቁሱ ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚበተን የሚለካ) ካለ፣ በሚገኘው ሥዕል ላይ ያሉት ጫፎች ምን ያህል እንደሰፉ በመለካት የክሪስታሉን መጠን ማስላት ይቻላል፤ ጫፉ በሰፋ ቁጥር ክሪስታሉ ያነሰ ነው። ቅርጹን በዓይን ለማየት ግን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የግድ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ በየዩኒቨርሲቲው መግዛት አያዋጣም፤ ከተገዛም በኋላ የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያና መለዋወጫ ካጣ ሸራ ለብሶ ይቀመጣል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖቴክኖሎጂ የልሕቀት ማዕከል አለው፤ የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ናኖቴክኖሎጂን ከሥራ ዘርፎቹ አንዱ አድርጓል። ወሎ የሚያስፈልገው ከእነዚህ ጋር የናሙና ውል ነው። ተማሪዎቹ ስድስት ሳምንት እዚህ ሠርተው፣ ናሙናቸውን ይዘው ለጥቂት ቀናት ወደ አዲስ አበባ ቢሄዱና መሣሪያው ላይ ባለሙያው አጠገብ ቢቀመጡ፣ ናሙናውን በፖስታ ልከው ሥዕሉን በኢሜይል ከሚቀበሉት የበለጠ ይማራሉ። መንገዱ በማይፈቅድበት ክረምት ግን በፖስታውም ቢሆን መሥራት ይቻላል።

ጥያቄውን ከየት እናምጣ ለሚለው ወሎ ድሃ አይደለም። ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል ወርደው የሚደርሱባት ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ያሉባት የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ተመርቆ ተከፍቷል። ከፋብሪካዎቹ የሚወጣው ፍሳሽ በትንንሽ ወንዞች በኩል ወደ ቦርከና ይገባል፤ በእነዚህ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም እንደ ክሮሚየምና ዚንክ ያሉ ከባድ ብረታ ብረቶች መገኘታቸውን አሳይተዋል። ቦርከና ደግሞ ወደ ታች ሲወርድ ለመስኖና ለከብት የሚያገለግል ወንዝ ነው። የብረት ጨዎችን በተመጣጠነ መጠን ቀላቅሎ አሞኒያ በመጨመር የሚገኘው ጥቁር፣ በማግኔት የሚሳብ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ከውሃ ውስጥ ክሮሚየምን ወይም የጨርቅ ቀለምን ይዞ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል፤ ዱቄቱን ከውሃው ለመለየትም ከብርጭቆው ውጭ ማግኔት ማስጠጋት ይበቃል። ይህን የሚሠራ ተማሪ ኬሚስትሪውንም፣ የከተማውን ችግርም አብሮ ያውቃል። ዱቄቱ ስንት ጊዜ ታጥቦ ዳግም ሊያገለግል ይችላል፣ የተያዘው ክሮሚየምስ በመጨረሻ የት ይጣላል የሚሉት ጥያቄዎች ደግሞ ከጽሑፍ ላይ የማይቀዱ፣ ቦታው ላይ የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው።

ወቅቱ ራሱ የሚያመጣው ጣጣ አለ። በሐምሌና በነሐሴ ቦርከና በጎርፍ ስለሚሞላ ብክለቱ ይቀጥናል፤ በዚያ ጊዜ የተቀዳ ናሙና የለካ ተማሪ «ወንዙ ንጹሕ ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ናሙናው ዝናቡ ሳይጀምር፣ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ተቀድቶ፣ አሲድ ተጨምሮበት በማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት። እንደዚሁ፣ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን የጨርቅ ቀለምን የሚሰብርበት ሙከራ ለተማሪ ማራኪ ቢሆንም፣ ይህ ቁስ የሚጠቀመው የፀሐይዋን አልትራቫዮሌት ክፍል ብቻ ነው። የደሴ ከፍታ 2,500 ሜትር ገደማ በመሆኑ በበጋ ለዚህ ምቹ ናት፤ በነሐሴ ጭጋግ ግን ፀሐይን መጠበቅ ከንቱ ስለሆነ ሙከራው በመብራት መሠራት ይኖርበታል። መብራት ሲባል ደግሞ መቆራረጡ ይመጣል፤ በ450 ዲግሪ ለሰዓታት መቆየት ያለበት ናሙና ምድጃው መሐል ላይ ከጠፋ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። ጄኔሬተር የማይደርስበት ቤተ ሙከራ ከመነሻው ምድጃ የማይፈልጉ ሙከራዎችን ቢመርጥ ይሻለዋል። የደረቀ የናኖ ዱቄት በትንፋሽ ወደ ሳንባ እንደሚገባም መዘንጋት የለበትም፤ የአየር መሳቢያ በሌለበት ክፍል ተማሪዎች ቅንጣቱን በፈሳሽ ውስጥ እንዳለ ይሥሩበት እንጂ ዱቄት አድርገው አይመዝኑት።

ማን ይምረጣቸው የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። በውጤት ብቻ ከተመረጡ፣ በየትምህርት ክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ይገባሉ፤ እነዚህ ደግሞ ያለ ፕሮግራሙም መንገዳቸውን የሚያገኙ ናቸው። በዕጣ ከሆነ ፍላጎት የሌለው ሊገባ ይችላል። እኔ የሚሻል የሚመስለኝ ዝቅተኛ የውጤት ወለል አስቀምጦ፣ ከዚያ በላይ ያሉትን አንድ አጭር ጥያቄ አስጽፎ መለየት ነው፤ «በአካባቢህ ውሃ፣ አፈር ወይም ጤና ላይ ምን አስተውለሃል፣ እንዴትስ ትለካዋለህ?» የሚል። ከተመረጡት ግማሾቹ ሴቶች እንዲሆኑ፣ ከከተማ ውጭ ላሉ ወረዳዎች ልጆችና በጦርነቱ ከቀያቸው ተፈናቅለው ለነበሩት ቦታ እንዲያዝ አስቀድሞ መወሰን ይገባል። ከሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመጡ ተማሪዎች በአንድ ግቢ ቢገናኙ ደግሞ በወልድያ ወይም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ባለበት በቱሉ አውሊያ ላለው ተማሪ የደሴና የኮምቦልቻ ቤተ ሙከራዎች ይከፈቱለታል።

ገንዘቡን በተመለከተ በሚኒስቴር በጀት ላይ ብቻ መንጠልጠል አሜሪካ ውስጥ እንኳ እንዳላዋጣ ከላይ ተመልክተናል። ፍሳሻቸውን የማከም ግዴታ ያለባቸው የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሁለት ወይም የሦስት ተማሪ አበል ቢችሉ ከወጪያቸው ጋር ሲነጻጸር የሚታይ ነገር አይሆንም፤ አደጋው ግን ከፋዩ ፋብሪካ የራሱ ፍሳሽ እንዳይለካ ሊፈልግ መቻሉ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ዩኒቨርሲቲው የጋራ ቋት ገብቶ፣ የጥናት ርዕሱን የሚወስነው የአማካሪዎች ኮሚቴ መሆን አለበት። በውጭ የሚኖሩ የወሎ ተወላጆችም ለትምህርት ቤት ግንባታ ገንዘብ ሲያሰባስቡ እናያለን፤ የአንድ ተማሪ የክረምት አበል ከአንድ የመማሪያ ክፍል ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። ለአማካሪው መምህርም ክፍያ ያስፈልጋል፤ በክረምት መርሐ ግብር አስተምሮ ተጨማሪ ገቢ ማግኘት የሚችል መምህር ያንን ትቶ ያለ ክፍያ ተማሪ እንዲያማክር መጠበቅ አይቻልም።

በመጨረሻ ሁሉም ነገር የሚታሰረው በበጀት ዓመቱ ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ የክረምት ምርምር የሚጀምረው ልክ በዚህ መገጣጠሚያ ላይ ነው። በሰኔ ግዥ ይቆማል፣ በሐምሌ ደግሞ አዲሱ በጀት ገና አይለቀቅም፤ ያኔ የሚጠየቅ አበልና ኬሚካል እስከ መስከረም አይደርስም። ስለዚህ ማስታወቂያው በጥር ወጥቶ፣ ምርጫው በመጋቢት አልቆ፣ ኬሚካሉ እስከ ሚያዝያ ተገዝቶ፣ የተማሪዎቹ አበል በአሮጌው በጀት ታስሮ፣ የወንዙ ናሙና በግንቦት ተቀድቶ መቀመጥ ይኖርበታል። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግቢውን ከለቀቁበት ከሐምሌ አጋማሽ አንሥቶ እስከ ጳጉሜን ድረስ ሰባት ሳምንት ገደማ አለ፤ ከአሜሪካኖቹ ዐሥር ሳምንት ቢያንስም አንድ ጥያቄ ይዞ ለመነሣትና የተገኘውን ለመጻፍ ይበቃል። ለእነዚህ ሰባት ሳምንታት አንድ የመኝታ ሕንፃና አንድ የካፌ መስኮት ክፍት ሆነው እንዲቆዩ የሚወስነው የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች አገልግሎት ነው፤ የወሎን የናኖቴክኖሎጂ ክረምት ለመጀመር የመጀመሪያው ደብዳቤ መጻፍ ያለበትም ለዚያ ቢሮ ይመስለኛል።